ከድሮና ከጉድጓድ የወጣው ነጭ ነገር

ቡታጅራ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳያውቅ ከእንግሊዝኛ በመተርጎም እንጀራውን የበላ ሰው ማን ነው ቢባል፣ ከተማው በአንድ አፍ "ከድሮ!" ይላል።

ከድሮ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወው፤ ወይም ትምህርቱ እሱን ተወው፤ በዚህ ላይ እናቱና እሱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ከዚያ የአውቶብስ ረዳት ሆነ። "አዲሳባ በቡኢ! አዲሳባ በቡኢ!" ብሎ ሲጣራ ድምፁ ከመናኸሪያው አልፎ ገበያው መሀል ይሰማ ነበር። ሥራውን የተወው ታዲያ በድምፁ አይደለም፤ በሆዱ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ አቧራው አፍ የሚሞላ፣ ተሳፋሪው ቁርሱን ጠግቦ የሚሳፈር። ቡኢ ሳይደርሱ አንዷ ታስመልሳለች፤ እሷን አይታ ሁለተኛዋ፤ ሁለተኛዋን አይቶ ረዳቱ። ሾፌሩ በመጨረሻ፣ "ስማ ከድሮ፣ ረዳት የተቀጠረው ላስቲክ ሊያድል ነው እንጂ ራሱ ሊጠቀምበት አይደለም" ብሎ በሰላም አሰናበተው።

ተጸያፊ ነበር ማለት ነው። ሻይ ቤት ሲገባ የራሱን ብርጭቆ ከኮቱ ኪስ ያወጣል። ሰው ሲያኝክ ዞር ይላል። ወጥ ውስጥ ፀጉር ካየ ለሦስት ቀን ጾመኛ ነው። አፍንጫውን የጠረገ ሰው እጁን ከዘረጋለት፣ "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፍና ሁለት እርምጃ ያፈገፍጋል። ከተማው ይህን ሁሉ እንደ ሥልጣኔ ቆጠረለት።

ቢታወቅ ኖሮ ፈጽሞ የማይቆጠርለት ግን አንድ ነገር ነበር። ከድሮ ቆጮ አይበላም።

እስቲ አስቡት! መስቃን ተወልዶ፣ እንሰት ጥላ ሥር አድጎ፣ ክትፎ በዳቦ የሚበላ ሰው! ሲጠይቁት፣ "ጨጓራ አለብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" ይላል። ሽታው ገና ከደጅ ሲመጣበት ግን ምራቁ ይወፍራል፣ የግራ እግሩ ጣቶች ጫማው ውስጥ እርስ በርሳቸው ይጨባበጣሉ። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

አላህም ቀልድ ያውቃልና፣ ይህ ሰው ባሂራን ወደደ።

ባሂራ የምትቀመጠው የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ካለ የልብስ ስፌት መኪና ኋላ ነው። ምላሷ ከመርፌዋ ቀድሞ ይወጋል። ቁመናዋንስ ተዉት፤ የኛ ጉዳይ እናቷ ናት። እናቷ ዘይባ ናት፤ የከተማው የቆጮ እመቤት። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለው እንሰቷ ውስጥ ትፍቃለች፣ ትጠቀልላለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብራለች፣ ሲቦካ ታወጣለች። ከሃያ ዓመት በፊት ለአንድ አረፋ ያወጣችው ቆጮ ዛሬም ይወራለታል። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጡ ወንዶች ሚስቶቻቸውን እየገላመጡ፣ ቆጮውን በኮባ አስጠቅልለው ይዘው ሄዱ። "ምን አደረገችበት?" ያላለ የለም። ስሟ የተሠራው ያኔ ነው። በየዓመቱ ጥሩ አወጣች፤ እንደዚያ ያለ ግን ዳግም አላወጣችም፤ ይህን እሷም ታምናለች።

ከድሮ ሽማግሌ ላከ። ዘይባ ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ፣ "ልጁን አውቀዋለሁ፤ አፉ ትልቅ ነው። በዚያ አፉ ለአረፋ ቤቴ መጥቶ ይብላ፤ እጄን የሚወድ ልጄን ይወስዳል" ብላ መለሰቻቸው።

"ጨጓራህን ምን ልታደርገው ነው?" አለችው ባሂራ፣ ፔዳሉን እየረገጠች።

"አላህ ያውቃል።"

"አላህማ ያውቃል። እኔ የማላውቀው፣ ጨጓራህ ጥሬ ክትፎ ችሎ፣ ሚጥሚጣ ችሎ፣ የእናቴን ቆጮ ብቻ ለይቶ የሚጠላው ምን አድርጋው እንደሆነ ነው።"

ከድሮ ሳቀ። ሳቁ ከጉሮሮው አላለፈም። አረፋ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ዘመኑም ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና።

ያኔ ከድሮ የሚሠራው ሽፋ በሚባል ጓደኛው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ መስኮቶቿ በጥቁር ላስቲክ የታፈኑ፣ አግዳሚዎቿ የሚያቃስቱ፣ ካልሲ ካልሲ የምትሸት። ሽፋ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴኩን ይነካካል፣ በር ይጠብቃል፤ ማውራቱ የከድሮ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ሆኖ በሸንበቆ እየጠቆመ፣ "ይሄ አክተሩ ነው፣ አይሞትም። ይሄኛውን ግን እንዳትወዱት፣ አሁን ይሞታል" ይላል። አንዳንዴ አክተሩ ራሱ ይሞትበታል። ያኔ ዐይኑን ሳያሽ፣ "መንታ ወንድሙ ነው የሞተው፣ አትንጫጩ" ብሎ ይቀጥላል። ቻይናውያኑን በመስቃንኛ ያሰድባቸዋል፤ ሕንዶቹን ወላሂ ያስብላቸዋል። ፊልሙ ከሚለው ከድሮ የሚለው ይሻላል የሚሉ ሞልተዋል።

አንድ ቀን ሽፋ ከመርካቶ አዲስ ካሴት ይዞ መጣ፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "የሚያስፈራ" ተብሎ ተጽፎበታል። ከውጭ አገር ቴሌቪዥን የተቀዱ ሦስት አጫጭር ፊልሞች ናቸው። የመጀመሪያው ላይ የማያውቁት ሰው ሰርግ ተቀድቶበታል፤ ሦስተኛው ምስል የሌለው፣ የሚንሿሿ በረዶ ብቻ ነው። የተረፈው የመሀሉ፣ ግማሽ ሰዓት የሚሆነው ነው። ሽፋ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈና በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ፊት ካሉት አንዱ መምህር ሸዋንግዛው ነበር፤ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ አሥር ዓመት ሳይንስ ያስተማረ፣ ፊልም ላይ ሰው ሲሞት እንኳ "በምን ምክንያት?" የሚል ሰው።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ቤት አከራይ አሮጊት አለች። ተከራዮቿ ያስተረፉትን ምግብ በየቀኑ ከሳህን ላይ በማንኪያ እየፋቀች፣ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ያለውን ክዳን አንሥታ ወደ ጉድጓድ ትደፋለች። ከዓመታት በኋላ ክዳኑ ከታች ይገፋል። ብቅ የሚለው ነገር ነጭ ነው። ዐይን የለው፣ አፍ የለው። ሊጥ ነው፣ ግን ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥር ላዩ እንደ ብጉር ያብጥና ይፈርጣል፤ ከፈረጠው ውስጥ ረጃጅም ፀጉር ይንጠለጠላል። ደረጃውን በሆዱ እየተሳበ ይወጣል። የተኛውን ተከራይ ከእግሩ ይጀምርና ቀስ ብሎ፣ እየመጠጠ...

ከድሮ ሸንበቆውን አወረደ።

"ተርጉም እንጂ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ከድሮ መተርጎም ጀመረ። እንደዚያ ቀን ተርጉሞ አያውቅም። "ሙቅ ነው" አለ። ፊልሙ ውስጥ ሙቅ ነው ያለ የለም። "ቀዝቃዛ ይመስልሃል፣ ግን ሙቅ ነው። ጣቶችህ መሀል ይገባል። እግርህን ስታወጣ አይለቅህም፤ እንደ ከንፈር ይስምሃል። ሽታውን ታጥበህ አትጨርሰውም፤ ለበዓል ስትለብስ ይሸትሃል፣ ስትሰግድ ይሸትሃል..." አንድ ሰው በሩ ጋ ሮጦ ደረሰና ውጭ ሲያስመልስ ተሰማ። አራት ተከራዮች አንድ በአንድ ተዋጡ። መጨረሻ ላይ አሮጊቷ እራት ልትበላ ተቀመጠች፤ የሳህኑን ክዳን አነሣች፤ ነጩ ነገር ሳህኑ ውስጥ ይተነፍሳል። ማንኪያዋን አነሣች። አፏን ከፈተች። አለቀ።

በቃ አለቀ። ካሴቱ በረዶ ሆነ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። "ይኸው ነው?" "የት አለ አክተሩ?" "ሽፋ፣ ግማሹን ቆርጠህ በላኸው!" መሀል ላይ መምህር ሸዋንግዛው ተነሥቶ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ።

"ከድሮ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ነገር ከየት መጣ? ምክንያቱ አልተነገረንም።"

አያችሁ፣ አጭር ፊልም ምክንያት አይነግርም። ሕዝቡ ደግሞ ምክንያት ሳይሰማ አይወጣም። ከድሮ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል፣ ሁለት መቶ ዐይን አፍጥጦበታል። ቀልደኛ በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ አእምሮው ሳያውቅ ምላሱ ሄደ።

"መምህር፣ ከዘይባ ጉድጓድ ነዋ!" አለ። "ለአረፋ ስትከፍተው አምልጧት ነው አሜሪካ የገባው። ፀጉር የመሰላችሁ የእንሰቱ ቃጫ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ሸዋንግዛው እንኳ ዕንባውን ጠረገ። ከድሮም አብሮ ሳቀ፤ የሳቀው ለሦስት ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ የተናገረውን ሰማ።

ይህችን ከተማ የማያውቅ፣ ወሬ በእግሩ የሚሄድ ይመስለዋል። ያን ዕለት ሰዎቹ ከቪዲዮ ቤት ወጥተው ገበያ ሳይደርሱ ወሬው ደርሶ ጠበቃቸው። ደግሞ አድጎ ነው የጠበቃቸው፤ "ከዘይባ ጉድጓድ ፀጉር ወጣ" ሆኗል። በሚቀጥለው ገበያ ዘይባ ቆጮዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ሰው መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ነጩን ሊጥ አየ፣ ጉሮሮውን ነካ፣ ሄደ። የቅቤ እቁብ ጓደኛዋ ሃሊማ ሳትቀር፣ "ወላሂ ዘይባዬ፣ እኔ አላመንኩም፤ ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ" አለቻት። ሁለተኛው ገበያም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ለአረፋ ቆጮ አስቀድመው ያዘዟት ቤቶች "ዘንድሮ ከሌላ ልንሞክር ነው" እያሉ ይልኩባት ጀመር። የዘይባ ቆጮ ሳይበላ አረፋ ካለፈ ስሟ ከዚያ በኋላ አይነሣም፤ ይህን እሷም፣ ልጇም፣ ከድሮም አውቀውታል።

ባሂራ ራሷ ቪዲዮ ቤቱ በር ድረስ መጣች።

"ና ውጣ፣ አክተሩ።"

"ባሂራ፣ ወላሂ ለቀልድ..."

"የእናቴን ጉድጓድ አይተኸዋል?"

"ወንድ እዚያ ምን ይሠራል?" አለ ከድሮ። እውነቱን ነው። እዚያ አገር መፋቅም፣ መቅበርም፣ ማውጣትም የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ሴቶቹ በሚሠሩበት ድርሽ ማለቱ ነውር ነው።

"እህ! እንግዲያው ያላየኸውን ነው የተረጎምከው፤ እንደ እንግሊዝኛህ። ሽማግሌዎችህ የመጡበትን መንገድ ያውቁታል፤ ዳግም እንዳይመጡበት" ብላው ሄደች። ተረከዟ አቧራውን ሲመታ ከድሮ ከሩቅ ይሰማው ነበር።

ከድሮ ሽማግሌዎቹን ለይቅርታ ላከ። ዘይባ በር ላይ አቆመቻቸው። "ሽማግሌ አልፈልግም" አለች። "ጥፋቱ የተሠራበት ቤት ይታወቃል። ፊልሙን ያዘጋጅልኝ።"

አረፋ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘይባ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የቅቤ እቁብ ጓደኞቿን አሥራ ሁለቱንም አስከትላ መናኸሪያውን አቋርጣ መጣች። ባሂራ ከኋላ አንድ የኮባ ጥቅል ታቅፋለች። ቪዲዮ ቤት ሴት ገብቶበት አያውቅም። ሽፋ የሚያደርገው ጠፍቶት አግዳሚዎቹን በገዛ ጃኬቱ ጠረገ። መምህር ሸዋንግዛውም "ለምስክርነት" ብሎ ጥግ ላይ ተለጠፈ።

"እትዬ ዘይባ..." አለ ከድሮ።

"ዝም በል። ክፈተው።"

ፊልሙ ተጀመረ። ሴቶቹ "ያ ረቢ!" እያሉ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። ዘይባ ብቻ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ዐይኗን አጥብባ ታያለች፤ ገበያ ላይ የሌላ ሴት ቆጮ የምታይ ነው የምትመስለው። ነጩ ነገር ከጉድጓዱ ብቅ ሲል፣ "አቁመው!" አለች። ሽፋ አቆመ። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

"ይሄ አልበሰለም" አለች ዘይባ።

"ምን?" አለ ከድሮ።

"ጥሬ ነው። የሚያብጠው ድንጋይ ስላልጫነችበት ነው። ኮባ የለ፣ ክዳኑ የእንጨት፤ ውሃው አልተንጠፈጠፈ። ቃጫውም በቢላ አልተመታም። እዩ እስቲ ወለሉን!" ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ይቺ ሴትዮ ጉድጓዷ አጠገብ ትተኛለች እንጂ ጉድጓዷን አትጠብቅም። ይህን ቀብራ ራሷ ብትዋጥ ይገባታል።"

"ያባቷ ቤት ምን አስተማራት!" አለች ሃሊማ፣ ፍርሃቷ ጥሏት ሄዶ።

"ሦስት ቀን እንኳ አላደረ" አለች ሌላዋ። አሥራ ሁለቱም አሮጊቷን ይቦጭቋት ጀመር። መምህር ሸዋንግዛው ጥግ ላይ "ምክንያቱ ይህ ነበር" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ዘይባ ጥቅሉን ከባሂራ ተቀብላ ጭኗ ላይ ፈታችው። ትላንት የተጋገረ ቆጮ ነው። ሽታው ክፍሏን ሞላ። የከድሮ ምራቅ ወፈረ።

"በዚህ ቤት ቆጮዬን ሰው አይበላውም ያልከው አንተ ነህ" አለችው። "እንግዲህ ያ ነገር አንድ ሰው በዋጠ ቁጥር አንተም አንድ ጉርሻ ትውጣለህ። እነሱ እያዩ። ጨርሰህ ከዋጥክ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄም ያንተ ናት። ከተፋህ ግን ሁለታችንንም ተፋኸን።"

ባሂራ እናቷን አየች፣ ከድሮን አየች።

ፊልሙ ቀጠለ። አንደኛው ተከራይ ተዋጠ፤ ከድሮ ጎረሰ። ከጥርሱ ጋር ታገለው፤ ኮመጠጠው፤ አንድ ቃጫ ምላሱ ላይ ተኛችና ጉሮሮው ዳር ተንጠለጠለች። ዐይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሁለተኛው ተዋጠ፤ ዋጠ። የጎረሰው ቆጮ ሆዱ ውስጥ ያብጣል፣ ይተነፍሳል መሰለው። ሦስተኛዋ ስትዋጥ ዕንባው ፈሰሰ። አራተኛውን ጎርሶ መዋጥ አቃተው፤ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ ቆመ።

"ሊተፋው ነው" አለች ሃሊማ።

ዋጠው። እንዴት እንደዋጠው እሱም አያውቅም። ከዚያ እጁን አነሣ። "ሽፋ፣ አቁምልኝ።"

ዴኩ ቆመ።

"ጨጓራ የለብኝም" አለ ከድሮ። ድምፁ የተርጓሚ ድምፅ አልነበረም። "ዋሽቼ ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱን አክስቴ ቤት ሳሳልፍ፣ ድብብቆሽ ስንጫወት ኮባ የተነጠፈበት መሬት ላይ ዘለልኩ። መሬት አልነበረም። የቆጮ ጉድጓድ ነው። ኮባው ተቀዶ አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ሙቅ ነበር። አልለቅ አለኝ። ለማንም ሳልናገር ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቆጮ ባየሁ ቁጥር ያ ነገር እግሬን ይይዘኛል። ያን ቀን ፊልሙን አልተረጎምኩም፤ እሱን ነው ያወራሁት። እትዬ ዘይባ፣ የእርስዎን ጉድጓድ አላየሁትም።"

"ውይ በሞትኩት!" አሉ ሴቶቹ። ሃሊማ ግን ሃሊማ ናትና፣ "የማን ጉድጓድ ነው?" አለች።

"የማን እንደሆነ አላውቅም። ከወንዙ በላይ፣ ሁለት ግራር መሀል፣ አጠገቡ የወደቀ ቀፎ ነበር። እንዲያውም ጫማዬ..."

እዚህ ላይ ቀና ብሎ ዘይባን አየ።

ዘይባ ኮባውን የያዘው እጇ ቆሟል። ዐይኗ ከድሮ ፊት ላይ አልነበረም። የግራ እግሩን ነው የምታየው። የቱ እግር እንደገባ ግን ከድሮ አልተናገረም።

ነገሩ ቀስ ብሎ መጣለት፤ እንደዚያ ነጭ ነገር ደረጃውን እየተሳበ። ሃያ ዓመት። የዚያ ክረምት ማግስት የመጣው አረፋ። "ምን አደረገችበት?" የተባለለት፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ወንዶች በኮባ አስጠቅልለው የወሰዱት፣ ስሟን የሠራላት ያ ቆጮ። የግራ እግሩ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ እዚያው ቀርቶበት፣ በአንድ ልጅ እግር ጭቃ ታሽቶ የቦካ። ጉድጓዱን ስትከፍት ጫማውን አግኝታለች። አግኝታ አልጣለችውም፤ የዓመቱ ምግብ ነዋ፣ እንዴት ትጣለው? ጫማውን አውጥታ ቆጮውን አብልታለች።

አሥራ ሁለቱን ሴቶች አያቸው። አሥራ ሁለት አፍ። ሁሉም ያን አረፋ በልተዋል፤ እስከ ዛሬም ሲያስታውሱት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት የተጸየፈው ነገር የለም፤ የተጸየፈው ደግሞ የገዛ እግሩን ነው።

"ጫማህ ምን ሆነ?" አለች ሃሊማ፣ አንገቷን አስግጋ። ወሬ እንደ ወጥ ይሸታታል። "በላ ተናገር! ያ ቆጮስ የት ደረሰ? ተበላ እንዴ?"

በአንድ ቃል ነፃ ይወጣ ነበር። ከተማው ሌላ አርባ ዓመት የሚስቅበትን ወሬ ምላሱ ጫፍ ላይ ይዞታል፤ በዕድሜው እንዲህ ያለ ወሬ አግኝቶ አያውቅም፤ ምላሱን በላው፣ ልውጣ ልውጣ አለው። ዘይባ አልለመነችውም። ነጠላዋን ብቻ ቀስ ብላ ወደ አፏ ወሰደች።

"ምን ትበላዋለሽ፣ ሃሊማ?" አለ ከድሮ። "ኋላ ሳድግ አክስቴ ስለዚያ ጉድጓድ ስታወራ ሰማሁ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር። ቆጮው ከወጣ ከርሟል፤ የበሰበሰ ኮባና የክረምት ውሃ ነው። ልጅ ነኝ፤ ቆጮ መሰለኝ። ጫማዬ ጭቃ ነክቶት እናቴ ገረፈችኝ። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ጭቃ ተጸይፌ ቆጮ ሳልበላ ቀረሁ!"

ሴቶቹ በሳቅ አግዳሚው ላይ ተደፉ። "ጭቃ!" አለች ሃሊማ፣ ጉልበቷን እየመታች። "ያ አላህ፣ ጭቃ ነው እኮ!" ከድሮ ብዙ ፊልም ተርጉሟል፤ እንደዚህ አሳምሮ የተረጎመው ግን የለም።

"ሽፋ፣ ክፈተው" አለ።

አሮጊቷ እራቷ ላይ ተቀመጠች። ክዳኑን አነሣች። ማንኪያዋን ስታነሣ ከድሮ አምስተኛውን ጉርሻ አነሣ፤ አፏን ስትከፍት ከፈተ። ዋጠ። በረዶ ሆነ። ሃሊማ እጇን ዘርግታ ከዘይባ ጭን ላይ ቆርሳ ጎረሰች፤ እሷን አይተው ሌሎቹ ተሻሙበት። መምህር ሸዋንግዛውም ደረሰው። ከድሮ ሲያኝኩ ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞረ።

ለአረፋ የዘይባ ቆጮ በሁለት ቀን አለቀ። ኒካሑ ከአረፋ በኋላ በአሥረኛው ቀን ታሰረ። ድግሱ ጋብ ሲል ዘይባ አማቿን ከቤቱ ጀርባ ጠራችው፤ በእጇ ትንሽ የኮባ ጥቅል ይዛለች። ከድሮ ቆጮ መስሎት ምራቁን እየዋጠ ፈታው። ለመዳፉ የምትበቃ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ናት፤ የግራ። ተሰነጣጥቃለች፤ በአመድ ታሽታ ታጥባለች፤ ያም ሆኖ ሽታው አልለቀቃትም። ከድሮ አፉን በእጀታው ያዘ።

"እትዬ ዘይባ፣ ሃያ ዓመት ይህን ለምን አስቀመጡት?"

"ባለቤቱን ሳገኘው ልመታበት ነዋ" አለችና ጫማዪቱን ተቀብላ አናቱን ሁለቴ መታችው። ከዚያ፣ "ግባና ብላ፤ አዲሱን ነው ያቀረብኩልህ" አለችው።

ከድሮ ገባና በላ።